ክርክር፦ ባልጩት የወጣበት መሬት ላይ ግንባታው ይቁም?

ጠያቂው፦ አዳማ፣ በወንጂ መንገድ በኩል የቤት ማኅበራችን መሬት ተመርቶ ነበር። እስካቫተሩ መሠረት ሲቆፍር ከላይ አመድና ገል፣ ከሥሩ ጥቁር ባልጩት ወጣ። አንዱን ሳነሳው ጣቴን ቆረጠኝ፤ ፎቶውን አያይዣለሁ። ገሚሱ አባል «የጥንት ሰው መሣሪያ ቢሆንስ?» ሲል፣ ገሚሱ «ዝም ብለን እንቀጥል» ይላል። እናንተስ?

ቆጣቢ፦ ድንጋይ ነው እኮ! ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባልጩት የሌለበት ጓሮ የት አለ? እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ሰባት ዓመት ቆጥበን አሁን ለድንጋይ እንቁም?

ጋሽ ቆፋሪ፦ ልክ ነህ፣ ባልጩት ሁሉ የሰው ሥራ አይደለም። የሰውም ቢሆን ሁሉም ጥንታዊ አይደለም፤ በደቡብ በኩል ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ይፍቁበት ነበር። ግን ሰው የመታው ምልክት አለው። ምቱ ያረፈበት ጋ ጉብ ትላለች፣ ከዚያ እንደ ውሃ ሞገድ ትሰፋለች። ፎቶው ላይ አየኋት። መልካ ቁንጡሬ፣ በ2016 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቦታ፣ በቀን ሥራ ቆፍሬያለሁ። እዚያ አፈሩ በቀስታ ይፋቃል፣ በወንፊት ይነፋል፣ እያንዳንዱ ነገር የት እንደወጣ ይለካል። ዕቃው ብቻውን ብዙ አያወራም፤ የወጣበት አፈር ነው የሚያወራው። የእናንተ ገልና ባልጩት ሁለት ዘመን ሊሆኑ ይችላሉ። እስካቫተር ግን ባንድ ዛቅታ ቀላቅሎ ሲኖትራክ ላይ ይጭናቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ይለያቸዋል?

የሕግ ተማሪ፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 እኮ አለ። በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቃል፣ እስኪረከቡት ይጠብቃል። በ6 ወር ውስጥ እርምጃ ካልተወሰደ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ይወጣል።

ቆጣቢ፦ 6 ወር! ብረትና ሲሚንቶ በ6 ወር የት እንደሚደርስ ታውቃለህ? የቤት ኪራዬንስ አዋጁ ይከፍላል?

የገበሬ ልጅ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እዚያው አካባቢ አባቴ ሲያርስ ማረሻው ገል ሲያወጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። መሬቱ ሲወሰድ ስለ ካሳ እንጂ ስለዚህ የጠየቀን የለም። ባለሙያ ያኔ አንድ ቀን ማሳው ላይ ቢዘዋወር ኖሮ፣ ዛሬ ቤት የሌለውና ቅርሱ ባልተጣሉ ነበር። ቆጣቢ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ አድራሻው ግን ድንጋዩ አይደለም።

ጠያቂው፦ ነገ አሳውቃለሁ፣ ወስኛለሁ። የወጣው ከሁለት ጉድጓድ ብቻ ነው። በሌላው ጥግ ሥራው ይቀጥል የሚል ሐሳብም ይዤ እሄዳለሁ። ቆጣቢ፣ አብረኸኝ ና።

ቆጣቢ፦ እሺ። ግን 6 ወሯን ከዛሬ ነው የምቆጥረው።

ጋሽ ቆፋሪ፦ ልጆች፣ ሸራ አልብሱት። ሰማዩ ከብዷል።