ልጄ አያቱ ቤት «ይሸታል» አለ፤ ለአረፋ ስንሄድ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። ለአረፋ ወሎ፣ ሐርቡ አማቴ ቤት እንሄዳለን። ወንዶች ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ነው ያደጉት፤ ከጤፍ እንጀራ በአልጫና ከፓስታ ሌላ እሺ አይሉም። ባለፈው ትንሹ የዘንጋዳ እንጀራ፣ ወጡ ላይ ቆየት ያለ ቅቤ ጠብ ተደርጎበት ሲቀርብለት፣ አፍንጫውን ይዞ «ይሸታል!» አለ። አማቴ «ልጅ አይደል» ብለው ሳቁ። ፊታቸው ግን ሌላ ነበር። ባለቤቴ «ቁንጥጫ ነው መድኃኒቱ» ይላል። እኔ ገበታ ላይ ልጅ መምታት አልፈልግም፤ ባለጌ እንዲባሉብኝም አልፈልግም። ምን ላስተምራቸው?

መልስ፦ የከሚሴዋ

አብሽሪ እህቴ። ማሽላ ቤትሽ ይግባ። መጀመሪያ ከጤፍ ጋር ትንሽ ቀላቅለሽ ጋግሪ፣ ቀስ እያልሽ ጨምሪበት። ያላየውን ነገር ድንገት ሰው ፊት ብታቀርቢለት ምን ይበል?

መልስ፦ ጡረተኛ መምህርት፣ ደሴ

ልጄ፣ ቁንጥጫውን ተዪው። የተቆነጠጠ ልጅ ያለቅሳል፣ ያን ጊዜ አያትየው ከምግቡም በላይ ያዝናሉ።

ብዙ ወላጅ ልጁን «አልፈልግም አትበል» ብሎ ይተወዋል። ታዲያ ምን ይበል? እኔ የማስተምረው የሚፈልገውን እንዲጠይቅ ነው። «እማማ፣ ከዚህኛው ልጨምር?» ይበል። ቅቤውን ሳይነቅፍ ለምሳሌ ገበታው ላይ ወዳለው ክክ ወጥ ዞረ ማለት ነው። ባለቤቲቱም ልጁ ምግቧን ወደደላት፤ ደስ ብሏት ትጨምርለታለች። ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ አለማምጃቸው። አንቺ አያት ሁኚ፣ እነሱ እንግዳ።

«ያስጠላል»፣ «ይሸታል»፣ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚሉትን ቤት ይተዉአቸው። አፍ ውስጥ ገብቶ አልዋጥ ካለም ሶፍት ስጪው፤ ገበታው ላይ አይትፋ። አንቺም ከቦርሳሽ ብስኩት እንዳታወጪ! ከልጁ ንግግር ይልቅ እሱ ነው የሚያስቀይመው።

ለትልቁ ሐዲሱን ንገሪው። ነቢዩ ምግብ ነቅፈው አያውቁም፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዋሉ።

መልስ፦ አባ ቢላል

መምህርት ልክ ነዎት። እኛ ቤት ግን «ጠገብኩ፣ አልሐምዱሊላህ» በሉ ነው የምንላቸው። ያልቃል።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህርት፣ ደሴ

አይ ወንድሜ፣ አያልቅም። ሳይበላ ጠገብኩ ያለን ልጅ የወሎ እናት ታምነዋለች? «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ትጀምራለች። ደግሞስ ውሸት ለምን እናስተምረው?

መልስ፦ የሐይቅ ልጅ

ጉርሻውን አትርሱት እንጂ! ፈረንጆቹ «አንድ ጉርሻ ብቻ ቅመስ» ብለህ አስተምር ይላሉ። እኛ ጋ አንድ ያጣላል፣ ሁለተኛው ይከተላል። ስለዚህ ልጁ ቀድሞ «ትንሽዬ አድርጊልኝ» ይበል። አያት ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ያሳንሱለታልም። ሌላው ደግሞ አቀማመጥ ነው። ትንሹን ከጎንሽ አድርጊው። ሁሉም ከፊቱ ነው የሚበላው፤ ያልወደደውን አንቺ ወደ ራስሽ ሳብ ታደርጊዋለሽ፣ ማንም ልብ አይልም።

መልስ፦ ነርስ ነኝ፣ ኮምቦልቻ

ሁለት ነገር ልለይ። አለመውደድና አለመስማማት አንድ አይደሉም። ወተት ሆዱን የሚያመው ወይም እንቁላል ሰውነቱን የሚያሳብጠው ልጅ ካለሽ፣ ለይሉኝታ ብለሽ እንዳታስቀምሺው። ለባለቤቶቹ በግልጽ ንገሪያቸው። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ብቻ ያለ ዱለትና ያልፈላ ወተትም ለልጅ አይሰጥም፤ የኮሶ ትልና ሌላም በሽታ ያመጣል። እዚህ ላይ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፣ ልጁ አይደለም። «ለሱ ይጠበስለት» ካልሽ ማንም አይከፋም።

በተረፈ ግን አታስገድጂው። ልጆች አዲስ ምግብ እስኪለምዱ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በአንድ አረፋ አይሆንም።

መልስ፦ የከሚሴዋ

ደግሞ ቀድሞ ይደወል። ደዋዩ ግን ባልሽ ይሁን! ምራት ደውላ «ልጆቼ ይሄን አይበሉም» ካለች ወሬው ሐርቡን ይዞራል። ልጃቸው «እማ፣ ለልጆቹ አልጫም ይኑር» ቢላቸው ግን ደስ ብሏቸው ይሠራሉ።

የጠያቂዋ ምላሽ፦

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ባለቤቴ ዛሬ ማታ ይደውላል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ትንሹ በልቶ ሲጨርስ ወዲያው ይነሳል። እዚያ ደግሞ ምርቃቱና ዱዓው ረጅም ነው።

መልስ፦ የሐይቅ ልጅ

የወሎ ዱዓ አጭር ሆኖ አያውቅም፣ እህቴ! ሥራ ስጪው። «አሚን» ማለቱን ለሱ ተይለት፣ ጮክ ብሎ ይበል፤ ልጆች ይወዱታል። ከዚያ ከወንድሙ ጋር እጅ ያስታጥቡ። ትልቁ ውሃውን ያፍስስ፣ ትንሹ ፎጣውን ይያዝ።