የስዊት ፒ እምቡጥ ሳይፈነዳ እየረገፈብኝ ነው፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ አካባቢ ነው። ስዊት ፒ የሚባለውን አበባ ጓሮዬ ውስጥ አብቅዬ እየቆረጥኩ በእቅፍ ለመሸጥ እየሞከርኩ ነው። ዘሩን እህቴ ከውጭ ላከችልኝ፣ ስፔንሰር የሚባለው ዓይነት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ዘራሁት፣ በደንብ በቀለ፣ ጫፉን ቀነጠስኩት፣ አሁን ሸንበቆው ላይ ወጥቶ ከእኔ ቁመት አልፏል። ቅጠሉ ያምራል። እምቡጡ ግን ገና ትንሽ እያለ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል!

ክሽክሽ የሚባለው ተባይ የለበትም። ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገርም አላየሁበትም። አፈሩ ጥቁር ስለሆነ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጌዋለሁ።

ጎረቤቶቼ ፍግ በዝቶበት ነው ይላሉ። እኔ የምጠረጥረው የቀኑን ርዝመት ነው። ስፔንሰር በደንብ ለማበብ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ይፈልጋል፣ እኛ ጋ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ከዚያ ያጥራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀኑ ሲረዝም ሙቀቱ አይቻልም፣ ይሄ አበባ ደግሞ የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው። ታዲያ መቼ ልዝራው? የቅርብ ዘመዱ ጓያ በየማሳው ሲያብብ እያየሁ ተስፋ መቁረጥ አልፈልግም። (ልጆች ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ የስዊት ፒ ፍሬ መርዛማ ነው፣ አይበላም።)

ቀኑ አጭር ሲሆንም የሚያብበውን ዓይነት የሞከራችሁ አላችሁ? ደብረ ታቦር ወይም ደብረ ማርቆስ ያበቀላችሁም ካላችሁ መቼ እንደዘራችሁ ንገሩኝ። አሁን ያለውን እምቡጥ የማድንበት መንገድ ካለማ ዛሬውኑ እጀምራለሁ።