ካራክተራችን የግድ ጾታችንን ይምሰል?

ጥያቄውን ያነሳችው፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት አድሚኖች ትናንት ማታ አዲስ ሕግ እናወጣለን ብለዋል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በሮልፕሌይ ሰርቨራችን ላይ፣ ማለትም እያንዳንዳችን የፈጠርነውን ሰው (ካራክተር) ሆነን በአንድ ምናባዊ ከተማ በምንኖርበት የኦንላይን ጌም ውስጥ፣ ወንድ ወንድ ካራክተር ብቻ፣ ሴትም ሴት ካራክተር ብቻ ይዘን እንገባለን። ማረጋገጫው ድምፅ ነው። አድሚን ይደውላል፣ ያናግራል፣ ከዚያ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል።

እኔ ሴት ነኝ። ካራክተሬ ወንድ ነው፣ ታክሲ ነጂ። መጀመሪያ ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ልጠይቅ ጋራዥ ስገባ ሦስት ተጫዋቾች ከበቡኝ። የጠየቁኝ ስለ ሥራው አልነበረም። «ኮዬ ነሽ ቱሉ ዲምቱ? ብሎክ ስንት? ስልክሽን ላኪ» ነው ያሉኝ። ያን ማታ ካራክተሯን አጠፋኋት። ወንድ ሠራሁ፣ ማይኬን ዘጋሁ፣ በጽሑፍ መጫወት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሂሳብ ብቻ ነው።

ሕጉን እቃወማለሁ። እናንተስ?

ከኮዬ ፈጬ

እኔ እደግፋለሁ። ምክንያቴን አልደብቅም። ሰርቨር ላይ ከተዋወቅኳት «ልጅ» ጋር ሁለት ወር አወራሁ። ካርድ ሙላልኝ ስትል ሞላሁ። መቶ፣ ሁለት መቶ። በኋላ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። ሁለት ወር ሙሉ የልቤን ሳወራው ከጓደኞቹ ጋር ሲያነበው ነበር።

ጥያቄውን ያነሳችው

ወንድሜ፣ ከልቤ አዝናለሁ። ግን ነገሩን ለይተን እንየው። ሮልፕሌይ ላይ አይሲና ኦኦሲ የምንለው ለዚህ ነው። አይሲ በካራክተርህ ሆነህ የምትናገረው ነው፣ ኦኦሲ እንደ ራስህ ሆነህ። ያ ልጅ የበደለህ ሴት ካራክተር ስለያዘ አይደለም። ከጨዋታው ወጥቶ፣ በቴሌግራም፣ እንደ ራሱ ሆኖ ስለዋሸህ ነው። እውነተኛ ሴት ብትሆን ኖሮስ ካርዱን መብላቷ ይቅር ይባል ነበር? በአዲሱ ሕግ እሷ በድምፅ ፈተናው ታልፋለች። እኔ ግን ታክሲዬን አስረክባለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከገላን

እኔ ጌም አልጫወትም። የ15 ዓመት ልጄ ግን ይጫወታል። ሴት ሆኖ ሲጫወት ሳየው ደነገጥኩ። ዘዳግም 22፥5 ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ፣ ሴትም የወንድ እንዳትለብስ ያዛል። ጨዋታ ነው ትላላችሁ። ልጅ ግን የሚሆነውን የሚማረው በጨዋታ አይደለም እንዴ? ልጆቼ፣ አትቆጡኝ፣ እናት ነኝ።

የጌም ቤት ባለቤት

እትዬ፣ ማንም አይቆጣዎትም። እኛ ልጅ ሳለን እቃቃ እንጫወት ነበር። ሴት ልጅ ከሌለች ከወንዶቹ አንዱ እናት ይሆናል። በቆርኪ ወጥ ይሠራል፣ ልጅ ያዝላል፣ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናቶቻችን በራፍ ላይ ቁጭ ብለው ያዩን ነበር፣ አንዳቸውም አልተቆጡም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? በእኔ ቤት የሚጫወቱ ልጆችን በየቀኑ አያለሁ። ሴት ካራክተር የሚይዘው ብዙው ልጅ ፀጉርና ልብስ መምረጥ ስለሚወድ፣ ወይም ሲነዳ ከኋላ የሚያየው እንዲያምረው ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ ከለገጣፎ

ልጆች፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድረክ ላይ ሴት የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። ሕዝቡም ተቀምጦ ያይ ነበር። ነውር የተባለው ኋላ እነ አስናቀች ወርቁ ራሳቸው መድረክ ላይ ሲወጡ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወንዱ ሴት ሲሆን ዝም ያለው ተመልካች ሴቷ ራሷን ሆና ስትመጣ ተቆጣ። የፈረስ ስምም አስቡ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ሰው በሌላ ስም ሲጠራ ሌላ ወኔ ይመጣለታል።

ሴት ተጫዋች፣ ከየካ አባዶ

ጋሼ በተናገሩት ላይ ልጨምር። ብዙዎቻችሁ የዘለላችሁት ነገር አለ።

ሴቶቹ ተሳዳቢን ፈርተን ወንድ ካራክተር ይዘን ከገባን፣ ከተማችን ውስጥ ሴት ማን ሊሆን ነው? ወንዶቹ። እነሱ የሚጫወቷት ሴት ደግሞ እኔን አትመስልም። ወይ ታማልላለች፣ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ የአንድ ሽፍታ ሚስት ናት። ባለፈው ወር ሆስፒታሉ ውስጥ ሦስት ነርሶች ነበሩ፣ ሦስቱንም ወንዶች ናቸው የሚጫወቷቸው። አንዷ የተጎዳ ሰው ስታይ ሁልጊዜ ትጮሃለች። እኔ በእውነተኛ ሕይወቴ ነርስ ነኝ። አንድም ቀን ጮኼ አላውቅም።

ይህን ስል ሕጉን እየደገፍኩ አይደለም። ሕጉ ወንዶቹን ያስወጣቸዋል እንጂ እኔን አያስገባኝም። የሚያስገባኝ «ስልክሽን ላኪ» ያለው ልጅ በዚያው ሌሊት ባን ሲደረግ፣ ከሰርቨሩ ሲባረር ነው። ታክሲ ነጂዋ እህቴ፣ አንቺንም እጠይቅሻለሁ። መደበቅሽ ይገባኛል። ግን ስንደበቅ ቦታውን ለማን ነው የምንተውለት?

ጥያቄውን ያነሳችው

ልክ ብለሻል። ለዚህ መልስ የለኝም። ሴቷን ካራክተሬን ሳጠፋት አልቅሻለሁ፣ ያን አልጻፍኩም ነበር።

አድሚን

ከእኛም ወገን ስሙ። ክፋት አስበን አይደለም። ቅሬታ በየቀኑ ይመጣል፣ አራት ሰዎች ነን፣ ሁላችንም ሥራ አለን። ድምፅ መስማት ቀላሉ መንገድ መሰለን። ጌሙ ራሱም እኮ ካራክተር ስትፈጥሩ ሁለት አካል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ ወንድና ሴት። የጨመርነው ነገር የለም።

ጥያቄውን ያነሳችው

ሁለት አካል ይሰጣል፣ ግን ካራክተሩን ይዞ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ሌሎቹ ጌሞችም በጾታ መከፋፈሉን እየተዉ ነው። ዘ ሲምስ 4 በ2016 እ.ኤ.አ. ልብስና ፀጉር በጾታ መከልከሉን ተወ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2022 «ወንድ» እና «ሴት» የሚለውን ምርጫ «አካል 1» እና «አካል 2» አደረገው። በ2023 የወጣው ባልደርስ ጌት 3 ላይ አካልህን፣ ድምፅህንና የምትጠራበትን ለየብቻ ትመርጣለህ።

ማንነት አረጋግጡ ማለትም ተሞክሯል። በሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሠሪ ብሊዛርድ በመወያያ ገጾቹ ላይ የሚጽፍ ተጫዋች ሁሉ እውነተኛ ስሙ ይታያል አለ። ተጫዋቹ ተነሳ፣ ብዙ ሴቶችም የሚያስቸግሩን ሰዎች ቤታችንን ያገኙታል ብለው ጮኹ። ኩባንያው በ3 ቀን ውስጥ ተወው። ያ በዓለም ላይ የተበተነ ተጫዋች ነው። እኛ ግን አንድ ታክሲ የምንሳፈር፣ አንድ ዳቦ ቤት የምንሰለፍ ሰዎች ነን። ድምፄን የሰማ አድሚን ነገ ሱቅ ውስጥ ያውቀኛል።

ከአያት

ሁላችሁም ዙሪያውን ትዞራላችሁ። ነገሩ ወደ ግብረ ሰዶም የሚወስድ ነው፣ ሕጋችን ደግሞ ይከለክላል።

የጌም ቤት ባለቤት

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ስለ ድርጊት ነው የሚናገረው። ስለ ጌም ካራክተር አንድም ቃል የለበትም። ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቃል ስትወረውር ተጠንቀቅ፣ ሰፈር ውስጥ ቃል ወደ ድንጋይ ለመቀየር ጊዜ አይፈጅበትም።

ስም ያልተጻፈበት

ብዙ ቀን አንብቤ ዝም እላለሁ። ዛሬ ልጻፍ።

በአማርኛ ስለ ራሴ ስናገር «መጣሁ»፣ «ደከመኝ» እላለሁ። ወንድ ይሁን ሴት አያሳብቅብኝም። ሌላ ሰው አፉን ሲከፍት ግን ያው «ና» ወይም «ነይ» ነው። ቀኑን ሙሉ የምጠራበት እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ አለ። ማታ ሁለት ሰዓት ያህል፣ እዚያ ከተማ ውስጥ፣ ሰዎች ልክ እኔ እንደሚሰማኝ ይጠሩኛል። ማንንም አላታለልኩም፣ ካርድ አልጠየቅኩም። አትክልት ነው የምሸጠው።

የድምፅ ፈተናውን እንደማላልፍ አውቃለሁ። የምፈራው ግን መከልከሉን አይደለም። ከተከለከልኩ በኋላ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከገላን

ልጄ፣ በእምነቴ አሁንም እንደቆምኩ ነኝ። ግን የአንድ ሰው ልጅ እንዲህ ፈርቶ እንዲያድር አልፈልግም። የስልኩን ፈተና ተዉት።

ከኮዬ ፈጬ

እኔም ስልኩ ይቅር። ግን ከጨዋታ ውጭ ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ ይባረር። ወንድም ሴትም።

ጥያቄውን ያነሳችው

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ባለፈው ሳምንት በስህተት ማይኬ ተከፍቶ ነበር። ፖሊስ አስቆመኝ። «ውረድ!» አለ። «እሺ» አልኩ። ድምፄን ሲሰማ «ውረጂ... ውረድ... ምንድን ነሽ አንተ?» አለና ሰዉ ሁሉ መንገዱ ላይ ቆሞ ሳቀ። ሞተሩን አጥፍቼ ከሰርቨሩ ወጣሁ። መፍትሔው ግን እዚያው ቋንቋችን ውስጥ ነበር። ትክክለኛ ትራፊክ ለማያውቀው ሰው ምን ይላል? «መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ፣ ይውረዱ» ነው የሚለው። እርስዎ ላይ ወንድ ሴት የለም።

አድሚን

እሺ። የድምፁ ነገር ለጊዜው ይቁም። ስልክና አድራሻ የጠየቀ በዚያው ሌሊት ይባረራል፣ ይህ ከዛሬ ጀምሮ ነው። ፖሊሶቹን «ይውረዱ» እንዲሉ እነግራቸዋለሁ። ስለ ሴት ካራክተሮች የተነሳው ግን ገና አላለቀም። እሁድ ማታ 2 ሰዓት ከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት እንሰብሰብ። ማይክ ግዴታ አይደለም። ነርሷ እህታችን ሆስፒታሉን ብትመራልን ደስ ይለናል።

ሴት ተጫዋች፣ ከየካ አባዶ

በራሴ ካራክተር ከሆነ እመራለሁ።

ጥያቄውን ያነሳችው

አትክልት የሚሸጡት ሰው፣ እሁድ ይመጣሉ?

ስም ያልተጻፈበት

እመጣለሁ። በጽሑፍ።