«ኤግዚስተንስ»ን ለቁጥቋጦ እንዴት ልተርጉመው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቀን ይዞኛል። ስለ በረሃ የሚያወራ የእንግሊዝኛ ዘጋቢ ፊልም እየተረጎምኩ ነው። ድንጋይ ለድንጋይ የበቀሉ ጥቂት ቁጥቋጦዎችን ያሳይና «ኢክ አውት አን ኤግዚስተንስ» ይላቸዋል፤ በጭንቅ ይኖራሉ እንደማለት። መዝገበ ቃላቴ ኤግዚስተንስን «ህልውና» ይለዋል። «አነስተኛ ህልውና ይመራሉ» ብዬ ጻፍኩት። ጮክ ብዬ ሳነበው አማርኛ አልሆነልኝም። «ኑሯቸውን ይገፋሉ» ስል ደግሞ ቁጥቋጦው ሰው ሆነብኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

ቃል ለቃሚ፦
እህቴ፣ ከስሙ መጀመርሽ ነው ያስቸገረሽ። እንግሊዝኛ ያንኑ ስም ይዞ ግሡን ብቻ ይለዋውጣል። «ካም ኢንቱ ኤግዚስተንስ» ሲል ተፈጠረ፣ ተመሠረተ ማለቱ ነው። «ጎ አውት ኦቭ ኤግዚስተንስ» ሲል ደግሞ ፓርቲው ከሰመ፣ ድርጅቱ ፈረሰ፣ ልማዱ ቀረ። «ኢን ኤግዚስተንስ»ማ «ካሉት» ብለን እንጨርሰዋለን፤ «ካሉት የብራና መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊው» እንላለን። እኛ ሥራውን ለግሡ ነው የምንሰጠው። ህልውና የሚያምረው «ዘ ቬሪ ኤግዚስተንስ» ሲሉ ነው። የአገር ህልውና፣ የቋንቋ ህልውና፣ የህልውና ጉዳይ። «ማኅበሩ ወደ ህልውና መጣ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ግን ያመኛል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ወደ» የምትለዋን አትናቃት ወንድሜ። በግእዝ «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ» ሲባል አልሰማህም? ከሌለበት ወዳለበት ማለት ነው። ፍጥረትን ካለመኖር ወደ መኖር አመጣ እያልን ነው የተማርነው። ይህ «ብሪንግ ኢንቱ ኤግዚስተንስ» ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? «ቦ» ራሱ ሲፈታ «በእርሱ» ነው። መኖርን በቦታ ነው የሚናገረው። እንግሊዞቹ ሳይመጡብን በፊት መንገዱ ነበረን።

ሰዋስው ወዳድ፦
ይህ ግሩም ነው። ላቲኑንም ልጨምርበት። «ኤክስ» ወደ ውጭ፣ «ሲስተሬ» መቆም ወይም ማቆም ነው። ብቅ ብሎ መቆም እንደማለት። ለዚህ ነው ከ«ካም» ጋር የሚስማማው። አሁን የእኛን ተመልከቱ። ግእዙ «ነበረ» ተቀመጠ ማለት ነው። «መንበር» ከዚያ ወጣ፣ «ንብረት» ከዚያ ወጣ። የእኛው «ኖረ»ም የዚያው የ«ነበረ» ልጅ ነው። እነሱ ሲቆሙ ኖሩ፣ እኛ ስንቀመጥ ኖርን! አሳቡ የራሴ ነው፤ ግን አምንበታለሁ።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ እኔም አንድ ነገር አስቤ ነበር። «ኤግዚስ» የሚለው ከ«እግዚእ» ጋር ዝምድና ይኖረው ይሆን? ድምፁ በጣም ይቀራረባል።

የኔታ፦
ልጄ፣ ድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይደለም። የላቲኑን ሥር ወንድምህ ከላይ አፍታቶልሃል። «እግዚእ» ጌታ ነው፣ ከመቆምም ከመቀመጥም የለበትም። እናንተም ሁላችሁ አንድ ቦታ ላይ ተሳስታችኋል። ሥሩ «ሀለወ» ሆኖ ሳለ ሦስቱን ልጆቹን አንድ አድርጋችሁ ትናገራላችሁ። «ሀልዎት» መኖሩ ነው። ለዚህ ነው ሀልዎተ እግዚአብሔር የሚባለው። «ዲናይ ዚ ኤግዚስተንስ»ም ሀልዎቱን ካደ ነው። «ህላዌ» ወደ ባሕርይ ያደላል። «ህልውና» ግን ከባድ ቃል ነው። ሥላሴ በባሕርይ በህልውና በመለኮት አንድ ናቸው ብለን የምናስተምርበት ቃል ነው። ይህን ለበረሃ ቁጥቋጦ? እኔ ቅኔ ስቆጥር ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም፤ አደራ።

ቃል ለቃሚ፦
የኔታ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። በግእዝ ያሉት ልክ ነው። አማርኛው ግን ቃሉን ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል። የደን ህልውና ሲባል ማንም ሥላሴን አያስብም።

የኔታ፦
አለማሰባቸው ነው የሚያሳዝነኝ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የኔታ ያሉት ይጸናል። በነገራችን ላይ «ህልውና»ን በሐመሩ ሐ የሚጽፍ ሰው አለ። ሃሌታው ሀ ነው፣ እባካችሁ።

ሰዋስው ወዳድ፦
እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። «አለ» ያው የ«ሀለወ» ዘር ነው። ግን ብቻውን አይዘልቅም። ትናንት ነበረ፣ ዛሬ አለ፣ ነገ ይኖራል እንላለን። ለነገው ከ«ኖረ» ይበደራል። ዘጸአት 3፥14 ላይ «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» የሚለው ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ስለዚህ መኖርና ኑሮ በእኛ ቋንቋ የሩቅ ዘመዶች አይደሉም። እንግሊዝኛ «ኤግዚስተንስ»ን ለመኖርም ለኑሮም ቢጠቀምበት እኛ ልንደነግጥ አይገባም።

ተርጓሚዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ግን ቁጥቋጦዎቹ እዚያው በረሃ ላይ ናቸው። እኔ የጨነቀኝ ድህነቱን የት እንደማስገባው ነው። «ላይፍ» ማለት ሲችል «ኤግዚስተንስ» ያለው ሆን ብሎ ይመስለኛል። ሕይወት ሳይሆን መኖር ብቻ።

ቃል ለቃሚ፦
አሁን ገባኝ! ያ ስሜት እኛ ጋ «አለሁ» ውስጥ ነው ያለው። እንዴት ነህ ሲሉት «አለሁ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ደህና ነኝ አላለም። አልሞትኩም ነው ያለው። «ኑሮ ካሉት መቃብር ይሞቃል»ም ይኸው ነው። ለሰው ቢሆን «ከእጅ ወደ አፍ» ብለሽ በተገላገልሽ ነበር።

ሰዋስው ወዳድ፦
«ኢክ»ም በጥንቱ እንግሊዝኛ መጨመር ነው። «ኒክኔም» የመጣው ከዚያ ነው፣ ተጨማሪ ስም ማለት ነው። ስለዚህ «ኢክ አውት» ጥቂቱን እየጨማመሩ ማብቃቃት ነው። ማብቃቃት ደግሞ ለውሃ ይሆናል። ቁጥቋጦው ያለችውን ጠብታ አብቃቅቶ...

አዲስ አባል፦
«እንደ ምንም» ቢባልስ? «ድንጋይ ለድንጋይ እንደ ምንም በቅለው ይኖራሉ»።

የኔታ፦
ማብቃቃት ያልከው ቃል ሥሩ «በቃ» ነው። በግእዙ «በቍዐ» ጠቀመ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው አይደሉም የሚለውን አስቀድመን እንመርምር።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የኔታ፣ አንድ አይደሉም። «በቍዐ»ን በዐይኑ ዐ ነው የምንጽፈው፣ «በቃ» ላይ ግን ዐይኑ የለም።

የኔታ፦
አማርኛ ዐይኑን የት ጣለው? ይህን መልስልኝና እንቀጥላለን።

ተርጓሚዋ፦
አዲስ አባል፣ «እንደ ምንም»ን ወስጃታለሁ። «ይኖራሉ» ልበል ወይስ «አሉ»? ፊልሙ ነገ ጠዋት ይፈለጋል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የኔታ፣ ዐይኑ ተውጦ «ቃ» ውስጥ ነው የቀረው። «ሰምዐ» «ሰማ» የሆነበትን ይመልከቱ።