የኩፖን ዌብሳይቶች የሚለጥፉትን ማን ያጣራል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቤዛ ከመውጣቴ በፊት ኩፖን የሚያሰባስብ ዌብሳይት አያለሁ። ቅዳሜ ዕለት የልብስ ሳሙና ይዤ ካሸሯ ጋ ስደርስ ቅናሹ የለም ተባልኩ። ዌብሳይቱ ግን ገና ጊዜ አለው ይላል። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ሳሙናውን መለስኩት። ለመሆኑ የሚለጥፉትን የሚያጣራ ሰው አላቸው?

ኩፖን መዝጋቢ፦
እህቴ፣ እኔም በትርፍ ሰዓቴ እንዲህ ያለ ዝርዝር አዘጋጃለሁ። መጀመሪያ የማየው ምንጩን ነው። ከአምራቹ ገጽ፣ ከሱፐርማርኬቱ አፕ ወይም ከእሁድ ጋዜጣ ጋር ከሚመጣው ወረቀት ካልሆነ አልለጥፍም። በቴሌግራም የሚዞረውን የ«ነጻ ዕቃ» ኩፖን ፎቶ ጭራሽ አልነካውም። በ2021 ሐሰተኛ ኩፖን ስትሠራ የነበረች የቨርጂኒያ ቢች ሴት 12 ዓመት ተፈርዶባታል፤ ኪሳራው ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ኩፖን ኢንፎርሜሽን ኮርፖሬሽን የሚባለው የአምራቾች ማኅበር የሐሰተኞቹን ዝርዝር ያወጣል። እሱን ሳላይ አልለጥፍም።

ቀጥሎ ትንንሹን ጽሑፍ አነባለሁ። ስንት ዕቃ መግዛት እንዳለብሽ፣ የትኛው መጠን እንደማይካተት እዚያ ነው ያለው። ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ነው። ያንቺ ወረቀት ነበር ወይስ አፕ?

ከሲያትል፦
ይሄን ሁሉ በሰው እጅ ምን አስለፋችሁ? ሊንክ የሚፈትሽ ፕሮግራም አለ እኮ።

ኩፖን መዝጋቢ፦
አለ፣ እጠቀምበታለሁም። ቀኑ ያለፈበትንም ኮምፒውተሩ ራሱ ያነሳዋል። ችግሩ ሊንኩ እየሠራ ገጹ «ቅናሹ አልቋል» ሲል ነው። ፕሮግራሙ ገጹ ስለተከፈተለት ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከፍቼ በዓይኔ አያለሁ። ደግሞ ኩፖን በየአካባቢው ይለያያል። አንተ ሲያትል የምታየው እሷ ባለችበት ሜሪላንድ ላይኖር ይችላል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
የኔ የአፕ ነበር። አሁን ስፈልገው ጠፍቷል።

ኩፖን መዝጋቢ፦
አካውንትሽ ውስጥ አስገብተሽው ነበር ወይስ አይተሽ ብቻ ነው የሄድሽው? አምራቹ ለቅናሹ የሚመድበው ገንዘብ ልክ አለው። የተመደበው ካለቀ ከቀኑ በፊትም ከአፑ ይነሳል። ቀድሞ ክሊፕ ላደረገ፣ ማለትም አፑ ላይ ተጭኖ አካውንቱ ውስጥ ላስገባ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ቀኑ ድረስ ይቆይለታል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አይ፣ ክሊፕ አላደረግኩትም። ዌብሳይቱ ላይ ካየሁት የሚበቃ መስሎኝ!

ኩፖን መዝጋቢ፦
እንግዲያው ምክንያቱ እሱ ነው። እንዳየሽው ወዲያው ክሊፕ አድርጊው። ዌብሳይት ስትመርጪ ደግሞ የኩፖኑን ብዛት ሳይሆን «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው» የሚለውን ቀን ተመልከቺ። ይህን ቀን የማይጽፍ ዌብሳይት እኔ አላምንም። ያልሠራ ኩፖን ሲያጋጥምሽም ጻፊላቸው፦ የትኛው ሱቅ፣ የትኛው ከተማ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ያህል መጠን ያለው ዕቃ። «አልሠራም» ብቻ ከሆነ የት ብለን እንፈልገው?