የአልፋ–ኦሜጋ ሞዴሌ ማዕበሉን ወደ ዋልታ ይነዳዋል፣ ዑደቱም 2 ዓመት ብቻ ነው

ኮከብ ቆጣሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዱ የፀሐይን ዳይናሞ (መግነጢሳዊ መስኳን የሚያመነጨውን ሂደት) በራዲየስና በኬክሮስ ብቻ ያሰላል። ግሪዱ 128 በ128፣ ከፀሐይ ራዲየስ 0.65 እስከ 1። ሽክርክሪቱ (ኦሜጋ) ከሄሊዮሲስሞሎጂ (የፀሐይን ንዝረት ከማጥናት) የተወሰደ ነው፤ አልፋ (ጠምዛዛ የፕላዝማ እንቅስቃሴ መስክ የሚወልድበት መጠን) በሰሜን ፖዘቲቭ፣ በደቡብ ኔጋቲቭ። ኤታ (የመስኩ የስርጭት መጠን) በሁሉም ቦታ 10⁸ ሜትር ስኩዌር በሰከንድ። መስኩ ያድጋል፣ ይወዛወዛል፤ ግን የቢራቢሮ ዲያግራሙ (መስኩ መቼ በየትኛው ኬክሮስ እንደሚታይ የሚያሳየው ሥዕል) ተገልብጧል፦ በዝቅተኛ ኬክሮስ ያለው ቅርንጫፍ ወደ ወገብ በመውረድ ፈንታ ወደ ዋልታ ይወጣል። ዑደቱም 11 ዓመት መሆን ሲገባው 2 ገደማ ነው። ችግሩ ኮዱ ነው ወይስ ፊዚክሱ?

ዜሮ ነጥብ፦
ሁለቱም ከፊዚክሱ ይመስሉኛል።

በፓርከር–ዮሺሙራ ደንብ መሠረት ማዕበሉ (የሚጓዘው መስክ) ወደ ወገብ እንዲወርድ፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ አልፋ ሽክርክሪቱ በራዲየስ ከሚለወጥበት መጠን ጋር ሲባዛ ኔጋቲቭ መሆን አለበት። በታኮክላይን (ጋዙ ከሚፍለቀለቅበት የኮንቬክሽን ንብርብር ግርጌ፣ ሽክርክሪቱ በድንገት በሚለወጥበት ስስ ንብርብር)፣ 0.7 ራዲየስ አካባቢ፣ በዝቅተኛ ኬክሮስ ሽክርክሪቱ ከታች ወደ ላይ ይፈጥናል፤ ለውጡ ፖዘቲቭ ነው። ያንተም አልፋ ፖዘቲቭ። ማዕበሉ ወደ ዋልታ መሄዱ እንዲያውም ኮዱ ደንቡን እንደሚያከብር ያሳያል።

ኤታን በተመለከተ፦ የኮንቬክሽን ንብርብሩ ውፍረት 2.1×10⁸ ሜትር ነው። ስኩዌሩን ለኤታ ብታካፍል 14 ዓመት ይወጣል፤ ይህን ደግሞ ለፓይ ስኩዌር ስታካፍል ትልቁ ሞድ (የመስኩ ሰፊው ቅርጽ) የሚረግበው በ1 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ታዲያ 11 ከየት ይምጣ? ከላይ 10⁸ ተወው፣ ከታች ወደ 10⁷ አውርደው።

ቀመር፦
አልፋን ገልብጦ መገላገልም ይቻላል፣ ግን ለእኔ ያ መልሱን አይቶ ጥያቄውን ማስተካከል ነው። ሜሪዲዮናል ፍሰት (በወገብና በዋልታ መካከል የሚዘዋወር የጋዝ ፍሰት) ጨምርበት። ላይኛው ፍሰት ወደ ዋልታ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ታች ጋዙ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የመልሱ ፍሰት እጅግ ቀርፋፋ ነው። በሰከንድ 1.2 ሜትር ብትወስድ፣ 0.7 ራዲየስ ላይ 45 ዲግሪ ለመጓዝ 10 ዓመት ይፈጅበታል፤ የዑደቱን ርዝመት የሚወስነው ይህ ነው። የአልፋውን ምንጭ ደግሞ ወደ ገጹ አውጣው፦ ባብኮክ በ1961፣ ሌይተን በ1969 እንዳቀረቡት፣ ያዘነበሉ የፀሐይ ነጠብጣብ ጥንዶች ሲበተኑ ፖሎይዳሉን መስክ (ከዋልታ ዋልታ የሚዘረጋውን) ይወልዳሉ።

ኤታን ሳታወርድ ግን አይሠራም። ፍጥነት ሲባዛ ውፍረት ሲካፈል ለኤታ፣ አሁን 2.5 ብቻ ነው፤ መስኩ ፍሰቱ ሳይሸከመው ይበተናል። በ10⁷ ግን 25 ይሆናል። የመልሱ ፍሰት በትክክል የት ጥልቀት ላይ እንዳለ አሁንም የሚያከራክር በመሆኑ፣ የመልሱን ፍሰት ፍጥነት እንደ ነጻ መለኪያ (በሙከራ የሚስተካከል ቁጥር) ያዘው።

ጎህ፦
ከዚያ በፊት ድንበሩን እይ። ከላይ ቶሮይዳሉ መስክ (ፀሐይን የሚዞረው) 0፣ ፖሎይዳሉ ውጭ ካለው ፖቴንሻል መስክ (የኤሌክትሪክ ጅረት ከሌለበት) ጋር ያለ መሰበር ይገጥማል። ቬክተር ፖቴንሻሉን (ፖሎይዳሉ የሚሰላበትን) እዚያ ላይ 0 ያደረገ ሰው መስኩን ፀሐይ ውስጥ ቆልፎበታል፤ ዋልታዎቹ ላይ የሚታይ ራዲያል መስክ አይኖርም። ኤክስፕሊሲት ስልት (ቀጣዩን እርምጃ ካለፈው ብቻ የሚያሰላ) ከሆነ፣ በዚህ ግሪድና በ10⁸ ኤታ የጊዜ እርምጃው ከ5 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ካለፈ መስኩ ከነጥብ ነጥብ እንደ መጋዝ ጥርስ ይዘላል፤ ያን ፍንዳታ ዳይናሞ ብሎ ማንበብ የተለመደ ስህተት ነው።

ለማረጋገጥ የ2008ቱን የዳይናሞ ኮዶች ማነጻጸሪያ ሞክር፦ ሲ-ኦሜጋ (የሽክርክሪቱ ጥንካሬ ከኤታ አንጻር) 1.4×10⁵፣ ኤታ ወጥ፣ ሜሪዲዮናል ፍሰት የለም። መስኩ ማደግ የሚጀምረው ሲ-አልፋ (የአልፋ ጥንካሬ ከኤታ አንጻር) 0.387 ገደማ ላይ ነው።

ኮከብ ቆጣሪው፦
ተባረኩ። ከዚህ ሁሉ በቀጥታ በሦስት ልኬት ቢሰላስ?

ዜሮ ነጥብ፦
አልፋን በእጅ ከመጻፍ ትድናለህ፣ ከሌላው ግን አትድንም። የእውነተኛው ፕላዝማ ጥቃቅን እንቅስቃሴ በየትኛውም ግሪድ አይገባም። ብዙ ስሌቶችም ትክክለኛው ብርሃንና ሽክርክሪት ሲሰጣቸው ወገቡን ቀርፋፋ፣ ዋልታውን ፈጣን ያደርጉታል። እውነተኛዋ ፀሐይ ግን ወገቧ ላይ በ25 ቀን፣ ዋልታዋ አካባቢ በ35 ቀን ገደማ ነው የምትዞረው።