በካውያ የሚለጠፍ የልብስ ስም ሲታጠብ ተላጠብኝ፤ ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ ሰፊ (ጠያቂ)
ሰላም የድሬ ልጆች። ቤቴ ውስጥ የሕፃናት ልብስ እሰፋለሁ። ልብሱ ላይ የራሴ ስም እንዲኖር ፈልጌ ትራንስፈር ወረቀት (ጽሑፉ በካውያ ሙቀት ወደ ጨርቅ የሚተላለፍበት) ገዛሁና በኢንክጄት፣ በፈሳሽ ቀለም በሚሠራው ፕሪንተር አተምኩ። የመጀመሪያው ተገልብጦ ወጣ። የ«ሉ» ሰረዝ በቀኝ መሆኑ ቀርቶ በግራ ቁጭ አለች! ሁለተኛውን ጽሑፉን ገልብጬ አተምኩና ለጠፍኩት፤ አምሮ ነበር። አንዴ ሳጥበው ግን ማዕዘኖቹ ተነሱ፤ መሃሉም ተሰነጣጠቀ። 40 ልብስ ለበዓል ማድረስ አለብኝ። እባካችሁ እርዱኝ።

ከከዚራ፣ ማተሚያ ቤት የምሠራ
አቦ እህቴ፣ አብሽሪ። ምን ላይ አድርገሽ ተኮስሽው? ካውያው እንፋሎት ነበረው?

የሳቢያኗ ሰፊ
ብርድ ልብስ አንጥፌ አልጋ ላይ። አዎ፣ በእንፋሎት።

ከከዚራ
ሁለቱም ጎድተውሻል። የወረቀቱ ሙጫ ቀልጦ ክሩ ውስጥ እንዲገባ ደረቅ ሙቀትና ጫና ይፈልጋል። ብርድ ልብስ ጫናውን ይውጠዋል፤ እንፋሎት ደግሞ ሙጫውን ያረጥበዋል። የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራ አለበት፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ። እሱ በካውያው ቀዳዳ ወጥቶ ጨርቁን ነጠብጣብ ያደርገዋል። ስለዚህ ውሃውን ድፊው። የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ስስ የጥጥ ጨርቅ አንጥፊ። ካውያውን ጥጥ የሚለው ላይ አድርጊና በደንብ ይጋል። እንደ ሸሚዝ ወዲያ ወዲህ አትግፊው፤ በክብደትሽ ጫን ብለሽ ያዢው። ስንት ሰከንድ እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በሙቁ ይላጥ ወይስ ሲቀዘቅዝ የሚለውንም እዚያው እይ፤ እንደ ወረቀቱ ይለያያል። ማታ መብራት ሲደክም አትሞክሪው፤ ካውያው በቂ አይግልም።

ከመለጠፍሽ በፊት የአራቱን ማዕዘን ሹል በመቀስ ክብ አድርጊ። መላጥ የሚጀምረው ከሹሉ ነው። ፊደሉንም ወፈር አድርጊው፤ የእኛ ፊደል ቀጫጭን ሰረዝ ስላለው በትንሹ ሲታተም ቶሎ ይሰነጠቃል።

ከመጋላ፣ የሁለት ልጆች እናት
እኔ የልጆቼ ዩኒፎርም ላይ ስም ለጥፌ ዓመት ቆይቶልኛል። ከለጠፍሽ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ አታስነኪው። ሲታጠብ ልብሱን ገልብጠሽ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፤ ካውያም በላዩ አታሳልፊ። ጥቁር ልብስ ካለሽ የጥቁር ጨርቅ ወረቀት ለብቻው አለ። እሱ ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ አይታተምም፤ ጀርባውን ልጠሽ ጽሑፉን ወደ ላይ ታደርጊና የመጋገሪያ ወረቀት ሸፍነሽ ትተኩሺዋለሽ። ናይለን ላይ ግን ተዪው፣ ይቀልጣል። ውጭ የምታሳትሚ ከሆነም የፕሪንተሩን ዓይነት ጠይቂ። የኢንክጄት ወረቀት በሙቀት የሚያትም ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ከገባ በሙቀቱ ቀልጦ ማሽኑን ያበላሻል።

ከሐረር፣ መኪና ግርግር
ልጄ፣ እኔ ሰፊ ነኝ፤ ሙጫ ብቻውን አላምንም። የሕፃን ልብስ በየቀኑ ይታጠባል። አቡጀዲ ግዢ፤ ስታርቹ እንዲለቅ እጠቢውና ተኩሺው። ስሙን እሱ ላይ ደርድረሽ በካውያ ለጥፊ። ከዚያ ቆርጠሽ ጠርዙን እጠፊና በመኪና ዙሪያውን ስፊው። ሙጫው ፊደሉን ይይዛል፣ ክሩ ጨርቁን ይይዛል። አንገት ስር ግን አታድርጊ፤ ሕፃኑን ይኮሰኩሰዋል። የጎን ስፌት ላይ ከውጭ በኩል ይሁን።

የሳቢያኗ ሰፊ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ፣ ሁላችሁንም። የጎን ስፌቱን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ለጠፍኩ፤ ሁለት አቡጀዲ ላይ፣ አንድ ቀጥታ ልብሱ ላይ። ከነገ ወዲያ አጥቤ እነግራችኋለሁ።

የሳቢያኗ ሰፊ
ሁለቴ አጠብኳቸው። የአቡጀዲዎቹ ፊደል ፍንክች አላለም፤ የ«ሉ» ሰረዝም በቦታዋ ናት። ቀጥታ የለጠፍኩት በአንድ በኩል ተነስቷል፤ ማዕዘኑን ሳልቆርጥ የተውኩት በዚያ በኩል ነው። 40ውንም በአቡጀዲ ጀምሬያለሁ።